የሞተሩ መተንፈሻ

«ይህቺን ቱቦ የወተፍክ ቀን ሞተሩን በገዛ እጅህ አነቅከው ማለት ነው፤ ወላሂ ነው የምልህ ጋሽ ሰብስቤ!» አለ ተውፊቅ፣ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው እንደተንጋለለ፣ ግማሽ ፊቱን ሞተር ሳይክሉ ስር ደብቆ። ከዚያ በዚያው አፉ፣ ካቻቪቴውን እንኳ ከእጁ ሳያስቀምጥ፣ «ዛሬ ልጅቷን ሪያድ አድርሼ ወደ ባሕሪ አልፋለሁ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጅቷ የተባለችው የገዛ ልጁ ሰልሰቢል ናት፤ ሪያድም እዚያው ካርቱም ውስጥ ያለ የባለጸጎች ሰፈር ነው። አድርሼ ያለው ደግሞ ሐጃ ኒዕማ ለምትባል የቪላ እመቤት፣ እዚያው እያደረች የምታገለግል ሠራተኛ አድርጌ ሰጥቼ ማለቱ ነው። ሚስቱ ሉጥፊያ ከደጃፉ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር። ነገሩ ገና ከረመዳን በኋላ ይታያል ተብሎ የተተወ መስሏት ነበር፤ ተቆርጦ ማለቁን የሰማችው አሁን ነው፤ ያውም ለእሷ ተነግሯት ሳይሆን ለጎረቤት ሲወራ። እናት አይደለች? ማማከሩ ይቅር፣ ዞር ብሎ «ሰማሽ?» አይላትም? አላላትም። እጇ ምስሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

ሳጃና በሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ ያለው ይህ ሆሽ የሚሉት ግቢ አራት ክፍል፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት አለው። ሰው ግን አለ፤ በሽ ነው። ከእነ ተውፊቅ ክፍል ፊት ለፊት የሚኖረው ሰብስቤ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ስፌት ሳይጀምር ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሻዩን ፉት እያለ የጎረቤቱን ወሬ ያዳምጣል፤ ሰው ሲያወራ አፍ የማይነጥቅ ጨዋ ነው። ተውፊቅ ደግሞ አድማጭ ካገኘ ምን ገዶት! ሥራው ከወንዙ ማዶ ካለው ባሕሪ፣ ወርሻ ከሚሏቸው ጋራዦች፣ ወደ ከተማ ሱቆች መለዋወጫ ማመላለስ ስለሆነ ከመካኒክ የሰማውን ሁሉ ራሱ እንደፈለሰፈው አድርጎ ያስተምራል። የሰሞኑ አቧራ ሞተሩን አፍኖበት ነበር። የድሮው የአየር ማጣሪያ ከነሳጥኑ ተሰነጣጥቆ ስለነበር አውልቆ ጣለውና ሳጥን የማይፈልግ፣ ጡጫ የሚያክል ማጣሪያ ገዝቶ ካርቡሬተሩ አፍ ላይ በፋሸታ አሰረው። ገዛሁ ባለበት ዋጋ የቤቱ የሳምንት ዳቦ ይገዛ ነበር፤ እሱስ ይሁን፣ እንጀራው ነው። ችግሩ፣ ከሞተሩ ሆድ ወጥታ ወደ አሮጌው ሳጥን ትገባ የነበረች አንዲት የጎማ ቱቦ መግቢያ አጥታ ተንጠልጥላ ቀረች። የጠዋቱ ትምህርት በእሷ ላይ ነበር።

«ሰው ምን ያደርጋል መሰለህ? ዘይት ታንጠባጥባለች ብሎ በጨርቅ ይወትፋታል። ጃሂል፣ መሃይም! ሞተር እኮ ይተነፍሳል ጋሽ ሰብስቤ። በዚህች ካልተነፈሰ ዘይቱን በየመገጣጠሚያው ይተፋዋል። ዘይቱን የተፋ ሞተር ደግሞ ምን ዕድሜ አለው? ወዲያው ቀጥ!»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?» አለ ሰብስቤ።

«ቁልቁል ትለቃታለህ። ከማርሚታው ራቅ፣ ከካቴናው ራቅ፣ ከኋላ ጎማው ራቅ አድርገህ በሽቦ ታስራታለህ። ዘይቱ ጎማ ላይ ከወረደማ በቃ፣ አስፋልት ላይ ተዘርረህ ነው የምትገኘው። ክፍት መሆኗ ግን ግድ ነው።»

ከዚህ ሁሉ ወሬ የሉጥፊያ ጆሮ አንድ ነገር ብቻ ያዘ፦ ወዲያው ቀጥ። የቀረውን አልሰማችም ማለት ይቻላል። ምስሩን አስቀምጣ፣ ባሏ እጁን በኦሞና በአሸዋ እየፈተገ ወደሚታጠብበት ቧንቧ ሄደች። ሰው ፊት መጨቃጨቅ አትወድም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው።

«ስነግርሽ ታለቅሻለሽ» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ሐጃዋ፣ ልጅቷ ከዝሁር ሶላት በፊት ካልመጣች ሌላ ልጅ አግኝቻለሁ፣ እሷን እወስዳለሁ ብላለች። ወረፋ ነው እኮ ሉጥፊያ! ለእኛ ብላ ነው ያቆየችው። ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እኔው ራሴ በሞተሩ አመጣልሻለሁ፤ ጁምዓን ካንቺ ጋር ትውልና ቅዳሜ እመልሳታለሁ። ከአባቷ በቀር ለማንም አልሰጥም፣ በራክሻ በባጃጅም አልልክም ብላለች። ከዚህ በላይ አማና ከየት ይመጣል?»

አማና! አደራ ማለት ነው፤ ሉጥፊያ ይህን ቃል ከድሮ ታውቀዋለች። እሷም ከመጋባታቸው በፊት ሪያድ ውስጥ እያደረች ሠርታለች፤ የእሷም አሠሪ አማና እያለች ነበር በሩን ከውጭ የምትቆልፍባት። ከውጭ በሚቆለፍ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚያውቀው፤ አንድ ሌሊት ሆዷን ቆርጧት በሩን ስትደበድብ አድራ፣ ሲነጋ እመቤቲቱ «ድምፁ ውሻ መስሎኝ» ያለቻትን ለተውፊቅ ነግራው ታውቃለች። ያን ጊዜ አዝኖላት ነበር። አሁን ግን ኪራዩ በየወሩ እየጨመረ፣ ዳቦው በየቀኑ እያነሰ ሄደና ሐዘኑም አብሮ ቀለለ። «ሁሉም አንድ አይደለም፣ ሐጃ ኒዕማ ፈሪሃ አላህ ያላት ሰው ናት» ብሎ እጁን በሸሚዙ ጠረገና ፉል ሊበላ ወደ ጥጉ ሱቅ ወጣ።

ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ልጅቷ ደስ ብሏታል። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ጎርበጥ ይላል፣ አረብኛ እያጣቀሰች ነው የምታወራው። ሻንጣ ስለሌላት ልብሷን በሩዝ ከረጢት እየከተተች፣ «ዩማ፣ እነሱ ጋ ሙከይፍ አለ፣ ሌሊት በሪድ ነው፣ ብርድ!» አለቻት እናቷን፣ ያ ማቀዝቀዣ ለእሷ ክፍል የተሰቀለ ይመስል። ሉጥፊያ ምን ትበላት? ፀጉርሽን ልሥራልሽ ብላ አስቀምጣ ጀመረችላት፤ ግማሹ ላይ ስትደርስ ግን ተወችው። «መጣሁ» ብላ ተነሳች።

ግቢው ጭር ብሎ ነበር። ሰብስቤ ወደ ክፍሉ ገብቶ መኪናውን ማንኳኳት ጀምሯል። ሉጥፊያ ከሳህን ላይ ሁለት የቴምር ፍሬ አነሳች፤ ከፌስታል ቁራጭ ቀድዳ ጠቀለለቻቸው፤ ከሞተር ሳይክሉ ጎን ቁጢጥ አለች። ቱቦዋን ለማግኘት አልተቸገረችም፤ ባሏ እንዲህ አድርጎ አስተምሮ የለ? ከሽቦዋ ትንሽ ፈታ አድርጋ አንዱን ፍሬ የቱቦዋ አፍ ላይ ሰክታ በእንጨት ማንኪያ እጀታ ወደ ላይ ገፋችው። አንዱ የላላ ሲመስላት ሁለተኛውን ደገመች፤ ጥርቅም እስኪል። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ሞተሩ ገና ከመንደሩ አፍ ሳይወጣ ዘይቱን ይተፋና ቀጥ ይላል፤ ተውፊቅ ሲፈታ ሲያስር ዝሁር ይሆናል፤ ሐጃዋ ሌላዋን ልጅ ትወስዳለች። የዚያች የሌላዋ ልጅ እናትስ? ምን ላስዋሻችሁ፣ ሉጥፊያ እሷን ለአፍታ እንኳ አላሰበቻትም።

«ዩማ፣ ምን ትሠሪያለሽ?» የምትል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። ሰልሰቢል ናት፤ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ።

«ዘይቱ ቀሚስሽን እንዳያበላሽብሽ እየጠረግኩልሽ» አለች ሉጥፊያ። ልጅቷ «አላህ ይኸሊኪ፣ ያኑርሽ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

ተውፊቅ ከፉሉ ሲመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ከረጢቱን ከፊቱ አስቀመጠ፣ ልጁን ከኋላው አፈናጠጠ። ሞተሩ ገና በመጀመሪያው ርግጫ ተነሳ፤ ያውም ከወትሮው የተሻለ ድምፅ አለው፣ አዲሱ ማጣሪያ ደህና አድርጎ አየር ስቦለታል። «ያላ!» አለ ተውፊቅ፣ ደስ ብሎት። ሰልሰቢል የእናቷ ዓይን እንባ ሲያቀርር አይታ «ዩማ፣ ማ ተብኪ፣ አታልቅሺ፣ ሐሙስ እመጣለሁ» አለቻት። ሉጥፊያ እስከ መንደሩ አፍ ተከትላቸው ወጣች። አሁን ይቆማል። ዳቦ ቤቱን ሲያልፍ ይቆማል። የውሃ ጋሪዎቹ ጋ ሲደርስ ይቆማል። አልቆመም። ዋናው መንገድ ላይ ታጥፎ ድምፁ ከመኪናው ጩኸት ጋር ተቀላቀለና ጠፋ። እሷም እንደ ሞኝ ቆማ ቀረች።

ወደ ግቢ ስትመለስ ሰብስቤ መስኮቱ ላይ ብቅ ብሎ «በሰላም ሄዱ? አይዞሽ እንግዲህ፣ ሐሙስ ሩቅ አይደለም» አላት። ደግ ሰው ነው፣ ሊያጽናናት ነው። ከዚያም ክሩን በምራቁ እያሾለ፣ «እኔን እንኳ ያስፈራኝ ያ ዘይት ጎማ ላይ ከወረደ ያለው ነገር ነው። አስፋልት ላይ ተዘርረህ ነው የምትገኘው አለኝ እኮ፤ እኔ ሞተር ላይ ሞቼ ነው የምወጣው!» ብሎ ሳቀ። ጠዋት የሉጥፊያ ጆሮ ያላስገባው ነገር አሁን ከነሙሉ ድምፁ ገባ። ጎማ ላይ። የኋላ ጎማ ላይ፤ ልጅቷ የተቀመጠችበት። «ምን አደረግኩ! ምን አደረግኩ፣ ያ ረብ!» አለች። ሰብስቤ ያለቀሰችው በናፍቆት መስሎት ውሃ ይዞላት መጣ፤ አልጠበቀችውም። ቶቧን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች።

ለተውፊቅ ደወለች፤ አያነሳም። ሲነዳ አያነሳም፤ ወይም ደግሞ ማንሳት አይችልም። ሐፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ዋጋው እሷ ከምታውቀው እጥፍ ሆኗል፣ ለካ ከሰፈር ከወጣች ስንት ጊዜዋ ነው! የመኖሪያ ወረቀቷ ጊዜው አልፎበታል፤ ፖሊስ ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞር የነበረች ሴት ዛሬ ፖሊሱ ትዝ አላላትም። አስፋልቱን ብቻ ነበር የምታየው። ከተማው ዘይት ያልፈሰሰበት ቦታ የለውም እንዴ? እያንዳንዱ ጥቁር እድፍ ልቧን ሰነጠቀው። አንድ አደባባይ ላይ ሰው ተሰብስቦ ስታይ «አቁም! አውርደኝ!» ብላ ጮኸች፤ ረዳቱ «እብድ ነሽ?» እያለ አወረዳት። ሰው እየገፋች መሃል ስትደርስ የራክሻ ነጂና የመኪና ነጂ አንገት ለአንገት ተናንቀው እየተሰዳደቡ ነው። አልሐምዱሊላህ አለች ጮክ ብላ፤ የሚጣሉት ሰዎች እንኳ ዞር ብለው አዩዋት። የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደችው፣ እያለከለከች፣ ጫማዋ አንድ ሁለቴ እየወለቀ።

የሐጃ ኒዕማ ቤት የቱ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት በር አንኳኳች። ሪያድ ውስጥ ቤቱ ሁሉ አጥር ነው፤ ሰው የሚታየው በበር ስንጥቅ ነው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ «አዲሷ ሐበሻ? አዎ፣ ውስጥ ናት» ሲላት እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ደህና ናት! ጨርሶ ምንም አልሆነችም! ለዚያች አንድ አፍታ ሉጥፊያ በዓለም ላይ የሚቀራት ነገር አልነበረም፤ በሩ ተቆልፎባትም ቢሆን፣ ሠራተኛም ብትሆን፣ ነፍሷ ካለ ይበቃል። ሽማግሌው አዘነላትና በሩን ገርበብ አድርጎ «እይያት፣ ቶሎ ግን» አላት።

አየቻት። ሰልሰቢል በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ያንኑ ለመንገድ የለበሰችውን ቀሚስ ሰብስባ፣ የግቢውን እብነ በረድ በብሩሽና በጋዝ ትፈትጋለች። ከበሩ እስከ ደረጃው ድረስ ጥቁር የዘይት መስመር ተዘርግቷል፤ ደረጃው ስር ሰፋ ብሎ ተጠራቅሟል። ተውፊቅ ከረጢቱን ላራግፍ ብሎ ሞተሩን እስከ ውስጥ ድረስ አስገብቶት ነበር፤ ዘይት መትፋት የጀመረው እዚያ ነው። እሱ ሳያየው ዞሮ ወጥቷል። የልጅቷ የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ ይኸው ሆነ፤ እናቷ ያዘጋጀችላት። ፊቷ በላብና በእንባ ተቀላቅሏል። ቀና ስትል እናቷን አየች፤ ደስ ያላት ሳይሆን የደነገጠች ነው የምትመስለው።

ሐጃ ኒዕማ ከደረጃው ላይ ነበረች፤ ወፈር ያለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት፣ በእጇ መቁጠሪያ የያዘች። አልጮኸችም። «እናቷ ነሽ? ባልሽ የሠራልኝን እይው» አለች በአረብኛ። «ሰው ልጁን አደራ ሊሰጥ ሲመጣ ቤቴን አቆሽሾ ይሄዳል?» ሉጥፊያ ከሽማግሌው ዱቄት ለምና እድፉ ላይ በተነች፣ ዘይቱን እስኪመጥ ጠበቀች፣ ጠራረገች፣ ተንበርክካ ከልጇ እጅ ብሩሹን ወሰደች። ሥራው ከእጇ አልወጣም፤ እንዲህ ያለውን እብነ በረድ ስንቱን ፈትጋለች። ሰልሰቢል ከጎኗ ቆማ ጣቶቿን ታሻለች። ድንጋዩ ነጣ፤ ጥቂት ጥላ ብቻ ቀረ።

«ማሻአላህ፣ እጅሽ ጎበዝ ነው» አለች ሐጃዋ፣ ከልቧ።

ሉጥፊያ የሐጃዋን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። «እኔን ውሰጂኝ ያ ሐጃ! ልጅቷን መልሺልኝና እኔን ውሰጂኝ። ሌት ተቀን እሠራልሻለሁ፣ ደሞዙንም እንደወደድሽ። እሷ ምንም አታውቅም፣ ሽንኩርት እንኳ ስትከትፍ እጇን ነው የምትቆርጠው።»

ሐጃዋ ሳቀች፤ ክፋት አልነበረበትም፣ የገበያ ሳቅ ነው። «ስትነሺ ጉልበትሽ ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ሰማሁት እኮ። ትልቅ ሰው አልይዝም። ትልቅ ሰው ባል አለው፣ ቤት አለው፣ ዓይኑ በር በሩን ነው። ልጅ ግን ትለምዳለች።» ከዚያ ቀሚሷን ቀስ ብላ አላቀቀች። «ከአባቷ እጅ ተቀብዬአታለሁ፣ ሐሙስ ለአባቷ እጅ እሰጣለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። አንቺ ግን እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ። እናት እየመጣች ካለቀሰች ልጅ አትረጋም።»

«ዩማ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ሂጂ» አለች ሰልሰቢል በሹክሹክታ። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። «አሳፈርሽኝ። ሂጂ፣ ሐሙስ እመጣለሁ አልኩሽ።» ሉጥፊያ ወጣች። ሽማግሌው በሩን ዘጋ፤ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማች።

ወደ ሳጃና እንዴት እንደተመለሰች አታውቀውም፤ ብቻ ከአስር ሶላት በኋላ ቤቷ ነበረች። ጠዋት ያስቀመጠችው ምስር እንዳለ ነው። ለቅማ ጨረሰችው፣ ጣደችው። ሰው መቼም ጭላንጭል አያጣም፤ እሷም ሐሙስን ያዘች። ሐጃዋ በእሷ በኩል ቃሏን የምታከብር ትመስላለች፤ ተውፊቅ ሐሙስ ማታ ያመጣታል፤ ልጅቷ ጠግባ ትበላለች፣ ፀጉሯ ታጥቦ ይሠራላታል፣ አንድ አልጋ ላይ አብረው ያድራሉ። ያን ጊዜ ቀስ ብላ ታወራታለች፣ ምናልባትም ራሷ አልመለስም ትል ይሆናል፤ አባቷም እንባዋን ካየ ልቡ ይራራል፣ ክፉ ሰው እኮ አይደለም። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ከሆነ ምንም አይደል፣ ይቻላል። ማታ ሞተሩን ሲያቆም፣ እሱ እግሩን ሲታጠብ፣ እነዚያን ፍሬዎች በሽቦ ጎትታ ታወጣቸዋለች። ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልፋል። አላህ ልጇን ከአስፋልት አተረፈላት፣ ይህንንም ያሳልፍላታል። ለሐሙስ ዶሮ ብገዛስ ብላ የዶሮ ዋጋ ስንት እንደደረሰ ሰብስቤን ጠየቀችው፤ ሰምታ «ሥጋው ይቅር፣ እግሩን እገዛለሁ» አለች። ሳቁ እንኳ ትንሽ።

መግሪብ ሲቃረብ ተውፊቅ መጣ። የሞተር ድምፅ አልተሰማም፤ በእግሩ ነው የመጣው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በዘይት ጠቁሯል፣ መዳፉ ተልጧል። ሉጥፊያ ወንበር አቀረበችለት፣ ውሃ ሰጠችው። ምን ሆንክ ብሎ የጠየቀው ሰብስቤ ነው።

«አለቀልኝ ጋሽ ሰብስቤ። ወደ ባሕሪ ሲያሻግረኝ ኩብሪው፣ ድልድዩ መሃል ላይ ድርቅ አለ። ጠብታ ዘይት አልቀረውም፤ ፒስተኑ ነክሶ አንድ ሆኗል። ገፍቼ ወርሻ አደረስኩት። መካኒኩ ቱቦዋን ሲነቅላት ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የቴምር ፍሬ! ሁለት የቴምር ፍሬ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ! ሰው ነው የሠራኝ፣ ሰው! ያ ሞተር ከእንግዲህ ለብረት ለቃሚ ነው። ሱቁም ሞተር ያለው ሌላ ሰው ዛሬውኑ አስገባ።» ድምፁ ተሰበረ። ሉጥፊያ ባሏ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም ነበር። እኔ ነኝ ልትል ነበር። ያወጣችው ግን ሌላ ነገር ነው።

«ሐሙስስ?»

«ምን ሐሙስ?»

«ልጅቷን ሐሙስ አመጣታለሁ አላልክም?»

«በምን?» አለ ተውፊቅ።

እንደማይገባት ሕፃን አያትና አስረዳት። ለሐጃ ኒዕማ ደውሎ ነግሯታል፤ ሞተር ከሌለህ አትድከም፣ በራክሻና በሰው እጅ እንደማልልካት ታውቃለህ፣ እዚሁ ትክረምና ለዒድ እናያለን ብላዋለች። «ጥሩ ሰው ናት። እኔማ ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኝ ነበር። እንግዲህ እስከዚያ ያለችን ያቺ ልጅ ናት፤ ኪራዩም ምግቡም በእሷ ነው።» ዒድ ከረመዳን ወዲያ ነው። ረመዳን ገና አልገባም። ሉጥፊያ ምድጃው ላይ ያለው ምስር ሲገነፍል እያየችው አላነሳችውም።

ተውፊቅ ተነሳ። እጁንና እግሩን ታጠበ፣ ሰሌን አነጠፈ፣ ወደ ቂብላ ዞሮ ተቀመጠ። እንደ ወሎ አባቶቹ ሊራገም ነው። የተበደለ ሰው እንዲህ መዳፉን ዘርግቶ ሲራገም ቤተሰቡና ጎረቤቱ አሚን ይልለታል፤ አሚን ያላለ ሰው በጥርጣሬ ይታያል። ሰብስቤም የሌላ ሃይማኖት ሰው ቢሆን ለጉርብትናው ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ ከጎን ቆመ። ሉጥፊያ ከበሩ መቃን ተጠግታ ቆመች።

«ያ ረብ» አለ ተውፊቅ፣ «ይህን የሠራውን አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ አላውቀውም። እኔን ከእንጀራዬ እንደለየኝ አንተ ከልጁ ለየው። ልጁን ደጅ ለደጅ ሲፈልግ ይኑር። አይቶ አይጥገብ።»

«አሜን» አለ ሰብስቤ፣ በእሱ ወግ።

ተውፊቅ መዳፉን እንደዘረጋ ዞሮ ሚስቱን አያት። «አንቺስ?»

«አሚን» አለች።

«አልሰማሁሽም።»

«አሚን» አለች ሉጥፊያ፣ ጮክ ብላ።